ቃጠሎ ላይ ኮልጌት አይቀባም

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ድንገተኛ አደጋ ናቸው። አንዳንዶቹን አንብቤ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። በነርስነት 27 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ኋላ አዲስ አበባ ድንገተኛ ክፍል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልቤን የሚያቆስለው አንድ ነገር ነው። ሰው የሚወደውን ለማዳን ተሯሩጦ ጉዳቱን ሲያባብስበት ማየት። ስለዚህ ዛሬ ምን ይደረግ ከማለቴ በፊት ምን አይደረግ የሚለውን አስቀድማለሁ።

*ሲስተር፣ የሁለት ዓመት ተኩል ልጄ ረከቦቱን ስቦ ጀበናውን እላዩ ላይ ደፋው። ደረቱና ግራ ክንዱ ተላጠ። አክስቴ ሮጣ ኮልጌት አምጥታ ቀባችው። ጎረቤቴ ደግሞ "እንቁላል ነው የሚሻለው" አለች። ሐኪም ቤት ስንደርስ ተቆጡን። ልጄ አሁን ደኅና ነው፤ እኔን ግን ይጸጽተኛል። ምን ማድረግ ነበረብኝ? (ከሰሚት ኮንዶሚኒየም)*

እኅቴ፣ መጀመሪያ ጸጸቱን ተዪው። አክስትሽም አትወቀስ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የሽሮ ድስት እግሬ ላይ ተገለበጠ። እናቴ ሊጥ ለጠፈችብኝ። ጠባሳው ዛሬም ቁርጭምጭሚቴ ላይ አለ። እናቴ ከማንም በላይ ትወደኝ ነበር፤ የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

ቃጠሎ ጀበናው ሲነሣ አያቆምም። ሙቀቱ ቆዳ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ታች መብላቱን ይቀጥላል። ኮልጌት፣ ቅቤ፣ ዘይት፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ሁሉም ያንን ሙቀት ከላይ ይከድኑታል። ኮልጌት ሲነካ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰው ይታለላል። ጥሬ እንቁላል ደግሞ በተላጠ ሥጋ ላይ ጀርም ማስገባት ነው። ሐኪም ቤት ስትደርሱ እኛ ቁስሉን ለማየት ያንን ሁሉ ጠርገን ማንሣት አለብን። ያኔ የልጁን ጩኸት መስማት እንዴት እንደሚከብድ አልነግርሽም።

የሚያስፈልገው ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ። ልጅ እያለቀሰ 20 ደቂቃ ዓመት ይመስላል። ብዙ ሰው ሁለት ሦስት ደቂቃ አፍስሶ ይተወዋል። ስለዚህ ስልክሽን አውጪና ሰዓቱን እያየሽ አፍስሺ። በረዶ አይሆንም፤ ራሱ ቆዳ ይጎዳል። ወዲያው ባይቻል እንኳ ከተቃጠለ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ውሃው ይጠቅማል። "አሁንማ አለፈ" ብለሽ አትተዪው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንዴት ይሆናል የሚል ይኖራል። የኔም ሰፈር እንዲያው ነው። ከጀሪካን በኩባያ እየቀዳችሁ አፍስሱ። ከሥር ሳፋ አድርጉ። የጀሪካኑ ካለቀ ሳፋው ውስጥ ያለውን መልሳችሁ አፍስሱት። ለዚህ ሲባል በኔ ቤት አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ሞልቶ ይቀመጣል።

ውሃው እየፈሰሰ ልብሱን አውልቁለት። ትኩስ ቡና የጠጣ ሹራብ ሙቀት ይዞ ይቆያል። ቆዳው ላይ ከተጣበቀ ግን አትጎትቱት፤ ዙሪያውን በመቀስ ቁረጡት። እጁ ላይ አምባር ካለ ሳያብጥ ይውለቅ። የተቃጠለው አንገቱ ከሆነ ማተቡም ይፈታ፣ ሲድን ይታሰራል። ያልተቃጠለውን ሰውነቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ ትንሽ ልጅ ውሃ ሲፈስበት ቶሎ ይበርደዋል። ከዚያ ምግብ የሚጠቀለልበት ስስ ላስቲክ ወይም ንጹሕ ፌስታል ቁስሉ ላይ ጣል አድርጉበት። አትጠምጥሙት። ጥጥ አታድርጉበት፤ ይጣበቃል። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ።

ሐኪም ቤት መቼ? ከልጁ መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ። ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ትንሽም ቢሆን። የኤሌክትሪክ ከሆነ ምንም ባይታይበትም። የሰው መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱ 1 በመቶ ገደማ ነው። ስልክ ደውላችሁ "በራሱ መዳፍ ሦስት ያህል" ብትሉን ወዲያው ይገባናል። አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

እና እኅቴ፣ ቡና ሲፈላ ልጁ አንድ ሰው እቅፍ ውስጥ ይሁን። "እዚያ ጋ ተቀመጥ" የሚባል ነገር በሁለት ዓመት ተኩል አይገባም።

*ሲስተር፣ ደብረ ብርሃን ከጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። ብርዱ ሲጠና ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ሲያልቅ ወደ ውስጥ እናስገባዋለን። ባለፈው ሌሊት ሁለታችንንም ራስ ምታት ቀሰቀሰን፣ አስመለሰን። ጓደኛዬ "የበላነው ምግብ ነው" ትላለች። ጭስ ከሌለው ችግር የለውም አይደል?*

ልጄ፣ ችግር አለው። ይህን ዛሬውኑ ለጓደኛሽ አንብቢላት።

ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይባላል። ይህ ጋዝ ሄሞግሎቢንን ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። እየተነፈስሽ ትታፈኛለሽ። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ጉልበት ይከዳል። የተኛ ሰው ደግሞ ምንም ሳይሰማው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ይቀራል። አንድ ቤት ያደሩ ሰዎች አብረው ከታመሙና ውጭ ሲወጡ ቀለል ካላቸው፣ ከሰሉን ጠርጥሩ። እናንተን እግዚአብሔር ነው ያነቃችሁ።

ጤና ጣቢያ ሳለሁ አንድ የኅዳር ማለዳ አንዲት እናትን ከሁለት ልጆቿ ጋር በቃሬዛ አመጡልን። ጎረቤት በሩን የሰበረው ረፍዶ ሳይከፈት ስለቀረ ነው። ትልቋ ልጅ የተኛችው በሩ ሥር ነበር። በስንጥቁ የምትገባው አየር አተረፈቻት። እናትየዋንና ሕፃኑን አላተረፍናቸውም። ያመጧቸው ሰዎች ማንደጃው ላይ ፍሙ ገና አልሞተም ነበር አሉን። ይሄው ስንት ዓመቱ፣ ኅዳር በመጣ ቁጥር ያቺ ልጅ ትታወሰኛለች።

ከሰል አፍኖት የወደቀ ሰው ካገኘሽ በሩንና መስኮቱን ክፈቺ፣ ሰውየውን ጎትተሽ ወደ ውጭ አውጪው፣ አንቺም ውስጥ አትቆዪ። ሎሚ ማሽተት፣ ወተት ማጠጣት፣ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ጊዜ ከማባከን በቀር አይረዱትም። መድኃኒቱ አየር ነው፣ ቀጥሎ ሆስፒታል የሚሰጠው ኦክስጅን። ቢነቃም ይሂድ። የማይነቃና የማይተነፍስ ከሆነ ሌላ ሰው 907 ይደውል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። አንቺ በጀርባው አስተኝተሽ የደረቱ አጥንት መካከል ላይ ሁለት እጅሽን ደራርበሽ በክብደትሽ ተጫኚ። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ትንፋሽ መስጠት የምታውቂ ከሆነ 30 ተጭነሽ 2 ትንፋሽ፤ ካላወቅሽ መጫኑን ብቻ አታቋርጪ። ሲደክምሽ ሌላ ሰው ይተካሽ።

ለብርዱ የሚሆን ሁለተኛ ብርድ ልብስ ግዙ። የሞቀ (ያልፈላ) ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ አድርጋችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። ማንደጃው ውጭ ይደር።

*እኅቴ ሲስተር፣ ከጅዳ ነው የምጽፍልሽ። ማዳም መታጠቢያ ቤቱ ቶሎ እንዲነጣ ክሎሮክስና ፍላሽ ደባልቄ እንዳጥብ ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ ዐይኔ አለቀሰ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳል አላስተኛኝም። ወተት ጠጪ አሉኝ።*

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ደነገጥኩ። ክሎሮክስ በረኪና ነው። ፍላሽ አሲድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተገደለበት ጋዝ ነው። መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አስቢው። ወተት ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፤ የተጎዳው ሳንባሽ ነው።

በረኪናን ከምንም ነገር ጋር አትደባልቂ። ከውሃ ጋር ብቻ። ማዳም ሁለቱንም ካለች አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ አድርጊ፤ በመካከሉ በደንብ በውሃ ይታጠብ። በሩ ክፍት ይሁን፣ የአየር ማውጫው ይብራ። "ክሎር" የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። መርዝ እንደሚሆን፣ ቤት ውስጥ ያሉ ልጆቿም እንደሚተነፍሱት ንገሪያት። ለልጆቿ ስትል ትሰማሽ ይሆናል።

ድንገት ከተደባለቀ ዕቃውን ለማንሣት አትመለሺ፣ ውጪ። ንጹሕ አየር ወዳለበት ሄደሽ ቀና ብለሽ ተቀመጪ። የረጠበውን ልብስ አውልቂ። ዐይንሽን በቧንቧ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢ። ይህ ጋዝ ተንኮለኛ ነው፤ ትንፋሽ ማጠር ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል። ደረት የሚጨንቅ ከሆነ፣ እንደ ፉጨት የሚሰማ ትንፋሽ ከመጣ አትጠብቂ። ሳዑዲ ውስጥ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ነው። አሁንም እያሳለሽ ከሆነ ሐኪም ይይሽ። የደባለቅሻቸውን ሁለቱን ጠርሙሶች በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለሐኪሙ አሳዪው። ቋንቋ ቢያጥርሽ ፎቶው ይናገርልሻል።

*የልጅ ልጄን ነስር ያስቸግረዋል። አንገቱን ወደ ኋላ አድርጌ ግንባሩ ላይ ውሃ አደርግበታለሁ። ልክ ነኝ ወይ? (ከጎንደር)*

አባቴ፣ ወደ ኋላ አያድርጉት። ደሙ በጉሮሮው ይወርድና ያስመልሰዋል፣ ሊያንቀውም ይችላል። ወደ ፊት ጎንበስ ይበል። ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣትዎ ጨምቀው ይያዙለት፣ በአፉ ይተንፍስ። 10 ደቂቃ ሳይለቁ። በየመሐሉ ከፍተው "ቆመ ወይ" ብለው አይዩ። ሁለት ጊዜ ይህን አድርገው ካልቆመ ወይም ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆነ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

*ሲስተር፣ የታክሲ ረዳት ነኝ። ቃሊቲ መንገድ ላይ መኪና የገጨው ልጅ ወድቆ አየን። እግሩ በጣም ይደማ ነበር። ሹፌሩ "ከነካነው እኛ ነን የምንጠየቀው" ብሎ አለፈ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።*

ወንድሜ፣ እንቅልፍ ማጣትህ ሰው መሆንህን ያሳያል። ሹፌሩ የተናገረውን ፍርሃት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በየቀኑ እሰማዋለሁ። የተጎዳን ሰው ይዘው መጥተው በር ላይ አስቀምጠው የሚሮጡ አሉ። ሕጉ ግን የሚለው ተቃራኒውን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575፣ ራሱን አደጋ ላይ ሳይጥል መርዳት እየቻለ በከባድ አደጋ ውስጥ ያለን ሰው ትቶ የሚሄድን ያስቀጣል። ለሹፌሩ ቁጥሩን ንገረው።

ደም እየፈሰሰ ከሆነ ደቂቃ አይባክንም። ንጹሕ ጨርቅ፣ ነጠላ፣ ያንተም ሸሚዝ ቢሆን ቁስሉ ላይ አድርገህ በመዳፍህ ተጫን። በርታ ብለህ፣ በክብደትህ። ጨርቁ ቢርስ አታንሣው፤ ሌላ ደርብበት። አፈር፣ ቡና ዱቄት፣ ትምባሆ አይነስነስበት። የእጅ ወይም የእግር ደም እየተጫንከውም እንደ ምንጭ የሚፈነጥቅ ከሆነ ብቻ፣ ከቁስሉ አንድ እጅ ስፋት ከፍ አድርገህ በሰፊ ጨርቅ ጥብቅ አድርገህ እሰር። መገጣጠሚያ ላይ አይሁን፣ ሲባጎም አይሁን። የታሰረበትን ሰዓት ጻፍና ሐኪም ሳያየው አትፍታው።

ተሸክሞ ላዳ ውስጥ አጥፎ መክተትን በጣም እፈራለሁ። አንገቱ ወይም ጀርባው ተሰብሮ ከሆነ ያ መታጠፍ ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊያደርገው ይችላል። መኪና እንዳይደግመው መንገዱን ዝጉ፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ እንዳይዞር አድርጉ፣ አምቡላንስ ጥሩ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939ም አለ፤ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ነው። አምቡላንስ የማይመጣ ከሆነ መጫን ግድ ነው። ያኔ አራት አምስት ሰው ሆናችሁ፣ ጭንቅላት፣ አንገትና ጀርባው በአንድ መስመር እንዳለ፣ ጠፍጣፋ ሳንቃ ወይም የተነቀለ በር ላይ አድርጋችሁ በፒክአፕ ውሰዱት። ውሃ አታጠጡት። ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል፣ ራሱን ከሳተም ያንቀዋል።

*ልጄ በሃይላንድ ያስቀመጥነውን ላምባ ጠጣ። ወተት አጠጥተን አስመለስነው። ልክ ነበር? (ከሐዋሳ)*

አልነበረም፣ ስለተረፈ ግን ተመስገን። ላምባ የሚገድለው ሆድ ገብቶ ሳይሆን በትውከቱ ጊዜ ሳንባ ገብቶ ነው። በረኪናም እንዲሁ አይመለስም፤ ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል። አፉን በውሃ አጉመጥምጡት፣ የረጠበውን ልብስ ቀይሩለት፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሳል ወይም ትንፋሽ መፍጠን ካለ በሩጫ። የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ከውሃ በቀር ምንም አይቀመጥ። ልጁ ምን ያድርግ? ውሃ ነው ብሎ ነው።

*ሲስተር፣ ደሴ አካባቢ የ6ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። አንድ ተማሪዬን የሚጥል በሽታ ጣለው። ልጆቹ ሸሹ። ዘበኛው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘ። ሌላ መምህር በጥርሱ መካከል ማንኪያ ሊያስገባ ታገለ፣ ጥርሱ ተሰበረ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት መምጣት አፍሯል።*

መምህርት፣ ይህን ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ ስለፈለግኩ ነው።

ክብሪቱ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሽታው "ያነቃዋል" ይባላል። መናዱ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል። ክብሪት የጫረ ሰው ክብሪቱ ያዳነው ይመስለዋል። በክብሪት የተቃጠለ ከንፈርና አፍንጫ ስንቱን አክሜያለሁ። ማንኪያውም እንዲሁ። ሰው ምላሱን አይውጥም። ምላሱን ሊነክስ ይችላል፣ ይድናል። የተሰበረ ጥርስ ግን አይበቅልም፣ ስባሪውም ሳንባ ሊገባ ይችላል። አረፋው ደግሞ ምራቅ ነው። አይተላለፍም። ነክተሽው ምንም አትሆኚም፤ ይህን ለልጆቹ በክፍል ውስጥ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው።

ሲወድቅ መጀመሪያ ሰዓትሽን እዪ። ከዚያ ዙሪያውን። ዴስክ፣ ድንጋይ፣ እሳት ካለ አርቂ። ሹራብሽን አጥፈሽ ከራሱ ሥር አድርጊ። የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፍቺ። እንዳይንቀጠቀጥ እጅና እግሩን አትያዙት፤ ጡንቻው ሊጎዳ፣ አጥንቱም ሊሰበር ይችላል። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኚው፣ ምራቁ ወደ ውጭ እንዲወርድ። በደንብ ነቅቶ እስኪያናግርሽ ውሃም ምግብም አትስጪው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ተጎድቶ ከሆነ ወይም በሕይወቱ የመጀመሪያው ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። (ነፍሰ ጡር ሴት ከወደቀች ደግሞ ደቂቃ አይቆጠርም። የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሆስፒታል ትሂድ።)

ሲነቃ ይደናገራል፣ ይደክመዋል፣ ሱሪውም ረጥቦ ሊሆን ይችላል። ልጆቹን ከክፍል አስወጪና በነጠላሽ ሸፍኚው። የትርፍ ሱሪ ነገር ከእናቱ ጋር ተነጋገሩ፤ መሳቢያሽ ውስጥ ይቀመጥ። ቤቱ ድረስ ሄደሽ "ወንበርህ እየጠበቀህ ነው" በዪው። የቅርብ ጓደኛውንም ከላይ ያልኩትን አስተምሪው። አንድ የሚያውቅ ልጅ አጠገቡ ካለ ሌሎቹ አይሸሹም።

አንድ የቀረኝ ነገር ስለ ኪኒኑ ነው። ፊኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ ኪኒን በብዙ ጤና ጣቢያ ይገኛል፣ ርካሽም ነው። በድንገት ከተቋረጠ ግን በሽታው በርትቶ ይመለሳል፣ ያለማቋረጥ ይጥላል። እኛ ጋ የሚመጡት ክፉኛ የታመሙት ብዙዎቹ ለጸበል ሄደው ኪኒኑን ያቆሙ ናቸው። እናቱን ጸበል አትሂጂ አትበያት፤ እኔም እሄዳለሁ። ስትሄድ ግን ኪኒኑን በመቀነቷ ቋጥራ ትያዝ፣ በሰዓቱም ትስጠው።